«እንደ ልጄ ናት»

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። የማታ ተማሪ ነበረች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» ብላ ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ እዚህ ልጽፈው ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጅቷ በአንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሁለት ልጆች አሳድጋለች፤ ትንሹን ከሆስፒታል በመጣ በሳምንቱ ነው የታቀፈችው። ዘንድሮ አሠሪዎቿ ጠቅልለው ወደ ውጭ ሊሄዱ ሆነ። የወሩን ደሞዝ 4,500 ብር፣ በላዩ ላይ የአንድ ወር ጨምረው፣ አንድ ብርድ ልብስና የተወሰነ የቤት ዕቃ ሰጥተው ሸኟት። በደንብ ነው የሸኟት። አልቅሰዋል፤ ልጆቹም አንለቅሽም ብለው አልቅሰዋል። እሷም አልተቀየመችም። ጥያቄዋ አንድ ነው፦ «በሕግ ሌላ የሚገባኝ ነገር አለ ወይ?»

እኔም እንደ አዋቂ «እንዴታ! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያዩት ጋ ሂጂ» አልኳት። ሄደች። «የቤት ሠራተኛ እኛን አይመለከትም» ብለው መለሷት። ተናድጄ አዋጁን ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። የመለሳትን ሰውዬ ሄጄ ልጮህበት ነበር ያሰብኩት። ሰውዬው ልክ ነው!

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 3 ላይ፣ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። የእኔና የእናንተ ጓዳ ማለት ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ፣ የእነዚህን ሠራተኞች የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ብሎ ነበር። ያ አዋጅ ተሻረ፣ ተስፋው ወደ አዲሱ አዋጅ ተዛወረ፣ ደንቡ ግን አልወጣም። የሚቀራት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ውስጥ ከቁጥር 2601 ጀምሮ ከአሠሪው ጋር ስለሚኖር ሠራተኛ የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች አሉ። አሠሪው የሥራና የዕረፍት ሰዓቷን ሲወስን ለጤናዋ እንዲጠነቀቅ ያዛል። ስንት ሰዓት? አይልም። ደሞዝስ? እንደተስማማችሁ።

ለማወዳደር ያህል ሒሳብ ሠራሁ። (አማርኛ ነው ያስተማርኩት፣ ስሕተት ካለ የሒሳብ ሰዎች አርሙኝ።) ይህች ልጅ ዘጠኙን ዓመት ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ ፋብሪካው ቢዘጋ ኖሮ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ የዚያን ሲሶ ስንብት ይታሰብላት ነበር። ስንብቱ ብቻ 16,500 ብር ይመጣል። ከዚህ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። በዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን ከደሞዝ ጋር ፈቃድ አለ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት አለ። ብትወልድ 120 ቀን። የቤት ሠራተኛ ስታረግዝ ምን እንደምትባል ሁላችንም እናውቃለን፣ አልጽፈውም። ተማሪዬ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቤተሰቦቿን ለማየት ጎጃም የሄደችው ሦስት ጊዜ ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች አሉ። ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ከአሥሩ ስምንቱ የሚሠሩት የሠራተኛ መብትና የማኅበራዊ ዋስትና ሽፋን ሳይኖራቸው ነው። ለእኛ ከተማ ግን ግምትም አያስፈልግ፣ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ቆሞ ማየት ይበቃል። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከወላይታ፣ ከሀዲያ ልብሷን በፌስታል ይዛ የምትወርደው ልጅ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «18» ትላለች። ፊቷ 14 ይላል። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር በአዋጅ ክልክል ነው፣ ግን አዋጁ እሷን አያውቃትም። ደላላው ከቀጣሪው ይቀበላል፣ ከእሷም የመጀመሪያ ደሞዝ ላይ ይቆርጣል። ከዚያ «ዋስ አለሽ?» ትባላለች። እኛ መታወቂያና ዋስ እንጠይቃለን፤ እሷ ግን በማታውቀው ቤት፣ በማታውቀው አባወራ ጣሪያ ስር ለማደር ስትገባ እናንተስ ዋስ አላችሁ ወይ ብላ አታውቅም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፣ ሌላውን ስናገር ደፋር እንዳልመስል።

ለብዙ ዓመት የማታ ክፍል አስተምሬያለሁ። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ነበሩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው የምንጀምረው። እነሱ ሩብ ጉዳይ ለ1 ይመጣሉ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተቱ፣ አንዳንዷ ሽርጧን እንኳን ሳታወልቅ። «እራት ሳላቀርብ ውጪ አልተባልኩም» ይላሉ። እኔ በሩን እዘጋ ነበር። ሥርዓት ማስያዝ ነው ብዬ ነው። ከእነዚያ ስንቷ በእኔ በር ምክንያት እንዳቋረጠች አላውቅም። ዛሬ የደወለችልኝ ልጅ ከተዘጋባቸው አንዷ ናት።

የሚብሰው ደግሞ ይኼ ነው። እኔ የሰው ሠራተኞች ለምን ዘገያችሁ እያልኩ ስቆጣ፣ በዚያው ሰዓት የእኔዋ ቤት ውስጥ ልጆቼን እራት ታበላ ነበር። ስድስት ዓመት አብራን ኖራለች። መማር ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። 300 ብር ነበር የምከፍላት፣ እሱንም «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» እያልኩ ደብተር ላይ እጽፍላት ነበር። ስትሄድ ሒሳባችን አልገጠመም። እሷ የበለጠ ነው አለች፣ እኔ ደብተሬን አሳየኋት። ደብተሩ የማን ነው? የኔ። ብዕሩስ? እሱም የኔ። ያን ጊዜ ልክ የሆንኩ ነበር የመሰለኝ።

ሰው ሲጠይቀኝም «እንደ ልጄ ናት» ነበር የምለው። ይቺን ቃል አሁን ስሰማት ጆሮዬን ታሳክከኛለች። ልጄ ቤት ውስጥ ለሠራችው ደሞዝ አትጠይቅም፣ እውነት ነው፤ ግን ልጄ የምትተኛው ኩሽና ጥግ አይደለም፣ ሲደክማት ተነሺ አትባልም፣ ትምህርቷን እራት አያስቀርባትም። ከልጅነት ውስጥ አለመከፈሉንና መታዘዙን ብቻ መርጠን ነው የሰጠናት። ከሠራተኝነትም ሥራውን ብቻ።

በ2012 ቤይሩት ላይ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን ደጃፍ አምጥተው ሲጥሏቸው ይኼ መንደር በቁጣ ነዶ ነበር። እኔም ጽፌያለሁ። ትክክልም ነበር። ወደ ዓረብ አገር የምትሄደዋ እኮ የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ አላት። ወደ ሳዑዲ የምትሄድ ልጅ ከመሄዷ በፊት የምትፈርመው ውል ላይ ደሞዟ 1,000 ሪያል ተብሎ ተጽፏል፤ በዛሬው ምንዛሪ ከ30 ሺህ ብር በላይ ነው። ውሉ እዚያ ስንቴ እንደሚጣስ አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ ተጣሰ የሚባል ወረቀት አለ። ኮልፌ የምትሠራው እህቷ የሚጣስ ነገር እንኳን የላትም። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተውን ስምምነት ቁጥር 189ን አገራችን እስካሁን አላጸደቀችም። ዓረቦቹ ለምን ውል አያከብሩም ብለን የምንጮኸው እኛ ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን ቤታችን ውስጥ ውል ያለን?

«ቲቸር፣ የኔ ደሞዝ ራሱ ስንት ሆነና?» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትክክል ነው። መምህር ወይም ነርስ የሆነች እናት ከደሞዟ ግማሹን ለሠራተኛ ከፍላ ነው ሥራ የምትገባው። የሕፃናት ማቆያ የለም፣ አያትም ክፍለ ሀገር ናት። ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል ለፋብሪካ ሠራተኛውም ገና አልተወሰነም፤ አዋጁ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ ስንት ጊዜው ነው። ስለዚህ ነገ 30 ሺህ ክፈሉ የሚል የለም። ግን የተቀጠረችበትን ቀን መጻፍ ስንት ብር ያስወጣል? እሑድን መልቀቅ? ማታ 3 ሰዓት ላይ «በቃሽ፣ ተኚ» ማለት? ደሞዟን እኛ ደብተር ላይ ሳይሆን በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ማስገባት? 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ማታ ትምህርቷ መሸኘት፣ እራቱን ራሳችን እያቀረብን? ድህነታችን ለዚህ ምክንያት አይሆነንም። ይሄ እንኳን ደንብም አይጠብቅም።

ለተማሪዬ ያገኘሁላት መፍትሔ ትልቅ አይደለም። አሠሪዎቿ ክፉ ሰዎች ስላልሆኑ ሒሳቡን እንደ ፋብሪካው አስልቼ፣ በትሕትና ጽፌ በእሷ በኩል ላክሁላቸው። ልዩነቱን በሁለት ጊዜ እንከፍላለን ብለዋል። ሳይከፍሉ ቢሄዱም የምታሳየው ወረቀት የላትም፣ እንጠብቃለን።

እኔም ባለፈው ቅዳሜ አሁን አብራኝ ካለችው ልጅ ጋር ተቀምጠን አንድ ገጽ ውል ጻፍን። የተቀጠረችበት ቀን፣ ደሞዝ፣ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት ሁለት ሳምንት አገር ቤት፣ ብትታመም ማን ያሳክማል፣ ስንለያይ ምን ይታሰባል። አንብቤላት «የጎደለ አለ?» አልኳት፣ ለወጉ ያህል። ትንሽ አሰበችና፦ «እትዬ፣ የሚመጣው ዓመት ጭማሪ ስንት እንደሆነ አሁን ይጻፍ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ይኼን ሁሉ አድርጌላት ብዬ! ቡናዬን ጠጥቼ እስክጨርስ አልመለስኩላትም። ከዚያ ጻፍኩት። ሁለታችንም ፈረምን፣ አንዱ ቅጂ እሷ ሻንጣ ውስጥ ነው።

ናሙናውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። የማታ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ፣ በር የዘጋሁባችሁ፣ እባካችሁ ደውሉልኝ።