ከተማን ከጎርፍ ስለ መጠበቅና ተራራን ስለ ማልበስ

የከተማ ሹም ስለ ጎርፍ ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በቦዩና በድልድዩ፥ በወንዙም ዳር በሚሠራው ግንብ ላይ ነው። ይህ ሁሉ አስፈላጊ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጎርፍ የሚወለደው በከተማ አይደለም። የሚወለደው ዛፉ ባለቀበት፥ ሣሩም በከብት በተጋጠበት ተራራ ላይ ነውና፥ የከተማውን ጥበቃ ከከተማው በር ጀምሮ የሚያቅድ ሹም ሥራውን ከመካከሉ እንደ ጀመረ ይቈጠራል። ስለዚህ ነገር ለአገር ገዢዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ መሬቶች ጥቂት ቃል ለማቅረብ አሰብን፤ ምሳሌውንም ከድሬዳዋና ከሐረርጌ ደጋ እንወስዳለን።

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራ በሚባለው ሰፈሯ በመንገድ ዳር የተተከሉት ዛፎች በዚያ የቆላ ሙቀት ምን ያህል እንደሚጠቅሙ በጥላቸው ሥር ያለፈ ሁሉ ያውቃል። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚከርም ሰው እንደ ሜዳ ይቈጥረዋል፤ ይሻገርበታል፥ ይነግድበታል፥ ቤቱንም ወደ ዳሩ ያስጠጋል። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን በላይዋ ያለው የደንገጎ ደጋ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ቁልቁለት የሚወርድ ውሃ ሥርና እርከን ካልያዘው የሚያቆመው ነገር የለም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውም ይኸው ነው፤ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ውሃው ከደጋ ወርዶ ከ250 የሚበልጥ ሰው አጠፋ፥ በሺህ የሚቈጠሩትንም ያለ ቤት አስቀረ።

ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠርቷል፤ መልካም ነው። ግንብ ግን ውሃውን ወደ ታች ያሳልፈዋል እንጂ አያሳንሰውም። አፈሩና ድንጋዩም በየዓመቱ እየወረደ የወንዙን ወለል ከፍ ባደረገው መጠን ግንቡ እያጠረ ይሄዳል።

ነገሩን ከሌላ ወገን ደግሞ እንመልከተው። ሐረር ለብዙ ዘመን የምትጠጣው ውሃ ከሐሮማያ ሐይቅ ይመጣ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓመታት ደረቀ። ለመስኖና ለከተማ የሚቀዳው ውሃ ልክ ማለፉ አንዱ ምክንያት ሲሆን፥ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው አፈርም ወለሉን ይሞላው ነበር። በኋላም በድሬዳዋ አጠገብ ካለው ከድሬ ጃራ የጉድጓድ ውሃ በሞተር ኃይል ሽቅብ እየተገፋ ለሐረር እንዲመጣ ሆነ። እንግዲህ በደጋው ላይ የሚዘንበው ዝናብ ወደ መሬት ሳይሰርግ ወርዶ ቆላውን ያጠፋል፤ በበጋ ደግሞ ደጋው ከቆላ ውሃ ይለምናል፥ የሚገፋበትንም ኃይል በገንዘብ ይገዛል። የሐሮማያ ውሃ በቅርብ ዓመታት ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ቀጂዎቹ ሁሉ በልክ ለመቅዳት ካልተስማሙ ዳግመኛ የማይደርቅበት ምክንያት አይታየንም።

ዋናው ችግር ገንዘብ ብቻ አይመስለንም። ተራራው በአንዱ ግዛት፥ ከተማው በሌላው ግዛት መሆኑ ነው። የደቻቱ ውሃ ከሚሰበሰብበት መሬት ከፊሉ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር፥ ከፊሉ በምሥራቅ ሐረርጌ ይገኛል፤ ውሃ ግን የወሰን ድንጋይ አያውቅም። የላይኛው ገበሬ ከብቱን ከተራራው ቢያስወጣ ጉዳቱ የእርሱ፥ ጥቅሙ የከተሜው ነው። ስለዚህ ያለ ማመንታት የምንናገረው ይህን ነው፤ ከታች ያለው ከተማ ከላይ ላለው ገበሬ ሊከፍለው ይገባል። የተከለለው ተራራ ሣር እስኪታጨድበት ድረስ ለከብቱ መኖ ቢሰጠው፥ ለእርከኑም ሥራ ደመወዝ ቢቈረጥለት፥ ወጪው ከግንብ ወጪ ጋር ተመዛዝኖ ሊታይ የሚገባው ነው።

ይህ የማይሆን አሳብ አለመሆኑን በወላይታ የሁምቦ ሰዎች አሳይተዋል። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ጠብቀው፥ ከተቈረጡት ዛፎች ጉቶ የሚያቈጠቍጠውን እየገረዙ አሳደጉት። አዲስ ችግኝ ከማፍላት ይልቅ በአመዛኙ በመሬት ውስጥ ያለውን ሥር ማስነሣት ነበር። ተራራውም በሰባት ማኅበር ተከፋፍሎ የመጠቀም መብት በጽሑፍ ስለ ተሰጣቸው፥ የእኔ ነው ብሎ የሚጠብቀው ሰው አገኘ። ደኑ ከአየር ስለሚይዘው ካርቦንም በዓለም ባንክ በኩል ክፍያ ተቀብለዋል።

አንዳንድ ሹም ግን የተተከለውን ችግኝ ቈጥሮ ይደሰታል። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል፤ ይህም የሕዝቡን ትጋት ያሳያል። የወረዳው ሹም ለበላዩ የሚልከው ወረቀት ግን በሁለተኛው በጋ በሕይወት የተገኘውን የሚናገር ቢሆን ይሻላል። የዛፉም ዓይነት ይታሰብበት። ዐፄ ምኒልክ ያስመጡት ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር እንዳወጣት የታወቀ ነው፤ ሆኖም በምንጭ ራስ ላይ ሲተከል ውሃውን ይሻማል፥ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልምና፥ ለማገዶና ለማገር ከምንጭ ራቅ ያለ ቦታ ይበቃዋል። ለተራራው ጥድ፥ ወይራና ግራር አሉት።

እርከንም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር ሥራ አይደለም። ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ ያቆዩት የድንጋይ እርከን የቆመው በየዓመቱ የወደቀውን ድንጋይ ስለሚመልሱ ነው። እንግዲህ በበጀት መዝገብ ውስጥ ለመሥሪያ እንጂ ለመጠገኛ ቦታ ያልተወለት እርከን ብዙ ክረምት አያልፍም።

ለጊዜው የምናሳስበው፥ ከላይና ከታች ያሉት ሹማምንት በኅዳር ወር በአንድነት ተቀምጠው የጋራ ወንዛቸውን ከምንጩ እስከ ከተማው በእግር ሄደው እንዲያዩት፥ የተራቆተውን ኮረብታ ከነባለ ይዞታው እንዲመዘግቡት ነው። መዝገቡ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካለቀ፥ ገበሬው ከመከር አርፎ በሚገኝበት በጥርና በየካቲት ለእርከኑ ሥራ ይደርሳል።