ስንት ልሙላልህ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶበት፣ ከነልጆቹ ለጥቂት ተርፎ ደወለልኝ። ለውበት ብሎ 15 ቸርኬውን በ17 ቀይሯል። ጎሚስታው "ስንት ልሙላልህ?" ሲለው የመኪናው በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነገረው።

ወገን፣ ያ ቁጥር ፋብሪካው ለገጠመው ጎማ ነው! የጎማው ጎን ላይ ያለውም ጣሪያው እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ የሚይዘው አየር ትንሽ ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል።

ስለዚህ የጎማውን የጭነት ሰንጠረዥ ጠይቁ፤ ጠዋት ሳይሞቅ ለኩ። ከዚያ የጎማውን ፊት በጠመኔ አስምራችሁ ቀጥ ባለ አስፋልት ጥቂት ንዱ። መስመሩ መሃል ላይ ቀድሞ ከጠፋ አየሩ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ከጠፋ አንሷል። ከሰንጠረዡ በታች ግን አትውረዱ።

ጎሚስታውን አትውቀሱት፤ እሱ ጠይቋል። መልሱን ማወቅ የኛ ሥራ ነው።