መጮህና መሰማት

የሬዲዮን መርፌ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ስናዞር አንዱ ከሌላው ጎልቶ ይሰማናል፤ ብዙ ሰውም የጎላው ጣቢያ ኃይለኛ ማሠራጫ ያለው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በኤፍ ኤም ሥርጭት የሞገዱ መወዛወዝ ከመካከሉ ወዲህና ወዲያ ከ75 ኪሎኸርዝ እንዳያልፍ በአብዛኛው ዓለም በደንብ ተወስኗል። ታዲያ ጣራው ለሁሉ አንድ ከሆነ ብልጫው ከየት መጣ?

የመጣው ወለሉን ከፍ በማድረግ ነው። ኮምፕረሰር የሚባለው መሣሪያ ብርቱውን ድምፅ ይጫናል፤ ከዚያም በኋላ ሁሉ አንድነት ከፍ ስለሚል ደካማው ድምፅ ወደ ብርቱው ይጠጋል። ሮበርት ኦርባን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1975 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) ኦፕቲሞድ የተባለውን መሣሪያ ካወጣ ወዲህ ይህ ሥራ በየጣቢያው ተስፋፋ። ጥቅም የለውም አንልም፤ በመኪና ውስጥ የሚያዳምጥ ሰው ረጋ ያለው ዜማ በሞተር ጫጫታ እንዳይዋጥበት ያደርጋል። ጉዳቱ የሚመጣው ልክ ሲያልፍ ነው።

ዘፈን የሚቀርጹትም በዚሁ እሽቅድምድም ገቡ። በ2008 ዓ.ም. የሜታሊካ ዴዝ ማግኔቲክ የተባለው አልበም ሲወጣ፥ ድምፁ ከመጠን በላይ ተጨፍልቋል በማለት ያማረሩት የራሱ ወዳጆች ናቸው፤ ለጊታር ሂሮ ጨዋታ የተዘጋጀው ቅጅ ይልቅ ጥርት ብሎ አግኝተውት ነበርና።

በሬዲዮ ዘንድ ግን ይህ ሁሉ ድካም ትርፍ የለውም። ኦርባን ራሱና ባልንጀራው መሐንዲስ ፍራንክ ፎቲ እንዳስረዱት፥ የጣቢያው መሣሪያ የቀረበለትን ዜማ ሁሉ ወደ አንድ ልክ ያመጣዋል፤ ረጋ ብሎ የተቀረጸውን ያነሣል፥ የጮኸውን ይጫናል። አስቀድሞ የተጨፈለቀው ዜማ በሥርጭት ላይ ዳግመኛ ሲጨፈለቅ ይሻክራል እንጂ ከሌላው አይጎላም።

መድኃኒቱም አልታጣም። የዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 ዓ.ም. የድምፅን ጉልህነት እንደ ሰው ጆሮ አሰማም የሚለካበትን ዘዴ አወጣ። በዚሁም ተመርቶ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ዩኒየን በ2010 ዓ.ም. የፕሮግራሞች አማካይ ልክ ከዲጂታሉ ጣራ በ23 ዝቅ እንዲል መከረ። በዚህ መለኪያ የሚጮኸው ዝቅ ስለሚደረግ እሽቅድምድሙ ከንቱ ይሆናል።

ጉዳዩ እኛንም ይነካል። በሪል ቴፕ የተቀረጹ የቀድሞ ዜማዎቻችን ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጡ፥ ለሥርጭት ይመቻል ተብሎ ተጨምቀው ቢቀመጡ፥ የማሲንቆው ልስላሴና የዘፋኙ ድምፅ መነሣትና መውደቅ ለልጅ ልጅ አይተርፍም። የተጨመቀ ሎሚ ተመልሶ ሎሚ አይሆንም። ስለዚህ ዋናው ቅጅ እንደ ተገኘ ይቀመጥ፤ መጨመቁ በሥርጭት ሰዓት ብቻ ይደረግ እንላለን። ነገ የማኅደር ኃላፊ ሆኖ በሥራ መመሪያ ላይ የሚፈርመው ወጣት ይህን ከወዲሁ ቢያስብበት፥ አንድ መስመር ትእዛዝ ብዙ ዜማ ታድናለች።