ወፍን ያለ ወጥመድ ስለ መያዝ

ልጆቻችን ወፍ ባዩ ጊዜ ብዙውን ጊዜ እጃቸው ወደ ድንጋይና ወደ ወንጭፍ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ወር፣ ወፎችን በመመልከትና ፎቶግራፋቸውን በማንሣት ዕድሜውን ስለ ፈጸመ አንድ እንግሊዛዊ ልናወሳ ወደድን።

ኤሪክ ሆስኪንግ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ፤ የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ወፎችን መከተል የጀመረውም ገና በልጅነቱ ነው። የዚህ ሥራ ዋና ብልኃቱ ትዕግሥት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ትንሽ የመሸሸጊያ ድንኳን ከጎጆው አርቆ ይተክልና፣ ወፊቱ እስክትለምደው ድረስ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ያስጠጋዋል። በመጨረሻም ከባልንጀራው ጋር ሁለት ሆነው ይገባሉ። ባልንጀራው ብቻውን ወጥቶ ሲሄድ፣ ወፊቱ ድንኳኑ ባዶ የቀረ መስሏት ወደ ጫጩቶችዋ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ ሳይስሉና ሳይነቃነቁ ለሰዓታት መቀመጥ ነው።

በ1937 ዓ.ም. ሆስኪንግ የ27 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ ዌልስ በሚባለው አገር ጉጉት ፎቶግራፍ ለማንሣት በጨለማ ወደ መሸሸጊያው ይወጣ ነበር። የጉጉት ላባ ጠርዙ የለሰለሰ ስለ ሆነ ስትበር ድምፅዋ አይሰማም። ድንገት መጥታ ግራ ዓይኑን በጥፍርዋ መታችው። ቍስሉ ለሁለተኛውም ዓይን የሚያሰጋ ስለ ነበረ ሐኪሞች የተመታውን ዓይን አወጡት።

ጉጉት የክፉ ምልክት ናት በሚባልበት በእኛ አገር ይህ ደርሶ ቢሆን ምን ይወራ እንደ ነበር አንባቢ አይስተውም። ነገር ግን ጉጉቲቱ ያደረገችው ማናቸዪቱም እናት ስለ ልጆችዋ የምታደርገውን ነው። ሆስኪንግም ብዙ ሳይቈይ ወደ ጉጉቶቹ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ፤ በቀረችው አንድ ዓይኑ ሲደክም ኖሮ በ1991 ዓ.ም. ዐረፈ። በ1970 ዓ.ም. ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ርእስ በእንግሊዝኛ ሁለት ፍች ይሰጣል፦ ወፍን ለይቶ የሚያይ ዓይን ማለትም ነው፤ ስለ ወፍ የተከፈለ ዓይን ማለትም ነው።

ወላጆች ሆይ! ዛሬ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በብዙ ቤት አለ። ልጆች ግን ለአንድ ሥዕል ብለው ጎጆ ድረስ ቢሄዱ እናቲቱ ትሸሻለች፤ ዕንቍላሉም ይቀዘቅዛል። እንዲህ ያለው ስልክ ከወንጭፍ በምን ይሻላል? ይልቁንስ አብያተ ክርስቲያናቱን የከበቡት ደኖች የብዙ አዕዋፍ መጠጊያ ናቸውና፣ በበዓል ቀን ልጆቻችሁን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጡአቸው። ደብተርና እርሳስ ስጡአቸው፤ ያዩትን ወፍ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የምትለቅመውንም ይጻፉ። ዝም ብሎ መቀመጥን የተማረ ልጅ ወፊቱ ራስዋ ወደ እርሱ ስትቀርብ ያያል፤ ከዚያም ወዲያ ድንጋይ ሊያነሣባት አይወድም።