ቆላው ከመጋሉ በፊት፦ ሙቀትን የሚቋቋም ቤት እንዴት ይሰናዳ?

በየካቲት 2017 ዓ.ም ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶቿን ለሁለት ሳምንት ዘጋች። ምክንያቱ ጦርነት ወይም ወረርሽኝ ሳይሆን ሙቀት ነበር። በዋና ከተማዋ ጁባ ተማሪዎች በየዕለቱ ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም፣ ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚደርስ በመተንበዩ ተመሳሳይ እርምጃ ተወስዷል። በዜናው ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈው አንድ ነገር አለ። ከመማሪያ ክፍሎቹ ብዙዎቹ በቆርቆሮ የተሠሩ፣ መብራትም የሌላቸው ነበሩ። ከፀሐይ ይከልላል የተባለው ጣራ ራሱ የሙቀት ምንጭ ሆኖ ነበር።

ይህ ወሬ ለምዕራቡ ቆላችን ሩቅ አይደለም። በመተማና በአካባቢው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀን ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የዓለም የሚቲዎሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ 2024 እስከዚያ ድረስ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ሲሆን፣ የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.55 ዲግሪ ገደማ በልጦ ተገኝቷል።

የቆላ ሰው ግን «ሙቀቱን ለምደነዋል» ይላል። አባባሉ እውነትነት አለው። የቀደመው ሰው ከሙቀት ጋር የኖረው ወፍራም የሣር ክዳን ባለው፣ ግድግዳው ነፋስ በሚያስገባ ቤት፣ በዛፍ ሥር እያረፈ፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ እየሠራ ነው። ዛሬ ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ዛፉ ተመንጥሯል፤ የሥራው ሰዓትም በደመወዝና በገበያ ይወሰናል። ልማዱ ሲቀር «ለምደነዋል» የሚለው ቃል ብቻውን ቀርቷል።

ሙቀት እንደ ጎርፍ ድልድይ አይሰብርም፤ እንደ አንበጣ መንጋም ሰማይ አያጠቁርም። የሞተውም ሰው በልብ ድካም ወይም በድንገተኛ ሕመም ሞተ ተብሎ ይቀበራል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ ከ2000 እስከ 2019 ባሉት ዓመታት በየዓመቱ 489 ሺህ ያህል ሰዎች ከሙቀት ጋር በተያያዘ እንደሞቱ ይገምታል። በ1995 ዓ.ም ነሐሴ ላይ ፈረንሳይን የመታው ሙቀት 15 ሺህ ገደማ ሰው ገድሏል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ። በኋላ የተደረገው ጥናት ከጣራው ሥር ባለው የመጨረሻ ፎቅ ይተኙ የነበሩት ይበልጥ ለአደጋ ተጋልጠው እንደነበር አሳይቷል። ፓሪስም ጁባም ነገሩ ወደ ጣራ ይመለሳል።

ይህን ማለት ግን ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ማለት አይደለም። ቆርቆሮ ከእሳትና ከምስጥ ያድናል፤ የዝናብ ውኃ ለማጠራቀምም ይመቻል። ችግሩ ቆርቆሮው ያለ ኮርኒስ በቀጥታ በሰው አናት ላይ መዋሉ ነው። በሰሌን፣ በቀርከሃ ወይም በማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ከጣራው ዝቅ ብሎ የተወጠረ ኮርኒስ፣ በላዩም አየር የሚያስወጣ ክፍተት ከተተወለት፣ የሚወርደውን ግለት በእጅጉ ይቀንሳል። ጣራውን ኖራ መቀባት ሌላው ርካሽ መፍትሔ ነው፤ ነጭ ጣራ ብርሃኑን ወደ ሰማይ ይመልሳልና። በሕንድ የአህመዳባድ ከተማ በ2002 ዓ.ም ግንቦት ላይ በደረሰው ሙቀት ከወትሮው 1 ሺህ 344 ሰዎች በብልጫ ሞተዋል። ከተማዋ ከሦስት ዓመት በኋላ የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ ከጊዜ በኋላም የድሆችን ጣራ በኖራ ማስቀባትን በዕቅዷ አካትታለች።

በቤቱ ምዕራባዊ ወገን ዳስ መጣል የከሰዓቱን ፀሐይ ይመክታል። ኒምን የመሰለ ሙቀት የሚችል ዛፍ መትከል ዓመታትን የሚጠይቅ ቢሆንም፣ እንደ እርሱ የሚያቀዘቅዝ ነገር የለም። መስኮትን ቀን ዘግቶ ሌሊት መክፈት የሚለው ምክር የሚሠራው ግድግዳው ወፍራም ጭቃ ወይም ድንጋይ ለሆነ ቤት ነው። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት ከተዘጋ ምድጃ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖር ቤተሰብ ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድረስ በተለይ ሕፃናትንና አረጋውያንን ወደ ዛፍ ጥላ ማውጣት ይኖርበታል። እንጀራ መጋገሩም ለንጋት ቢተላለፍና ከመኖሪያው በተለየ ማድ ቤት ቢሆን፣ ጋጋሪዋም ቤቱም ያርፋሉ።

የሸክላ እንስራ ውኃውን የሚያቀዘቅዘው እንደ ሰው ላብ እያላበው ነው፤ ጥላና ነፋስ ባለበት ሲቀመጥ ከጀሪካን በብዙ ይሻላል። በሙቀት ወቅት ጥምን ሳይጠብቁ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ይመከራል፤ የአረጋውያን የጥም ስሜት ደካማ ነውና። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ውኃ መስጠት አያሻም፤ ጡት ደጋግሞ ማጥባት በቂ ነው፤ ውኃ የምትፈልገው እናቲቱ ናት። ብዙ ላብ ላፈሰሰ ሰው ኦ አር ኤስ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ልክ ልኩን፣ በጥብጦ ማጠጣት ይቻላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሕመምተኛ ያለበት፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ደግሞ መድኃኒቱን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ በረጠበ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ላይ ቢያኖረው ከመበላሸት ያተርፈዋል።

ቀኑን የተቃጠለ ሰውነት የሚያገግመው ሌሊት ስለሆነ ሌሊቱ ከቀኑ ያላነሰ ጥንቃቄ ይሻል። መብራት ባለበት ከተማ የአየር ማራገቢያ ይረዳል፤ ነገር ግን የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ሰውነትን መልሶ ያግላል። ገላን በውኃ ማራስ ወይም የረጠበ ነጠላ መልበስ በዚያን ጊዜ ይሻላል። በገጠር ብዙዎች አልጋቸውን ወደ ደጅ ያወጣሉ። ብልህነት ነው፤ ሆኖም በመተማና በሑመራ ቆላ የካላዛር በሽታን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ውስጥ ትኖራለች፤ የወባ ትንኝም አለች። ስለዚህ ከአልጋው ጋር አጎበሩም መውጣት አለበት፤ አልጋው የሚዘረጋውም ከግራሩ ርቆ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብላቸው የሚገባው ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርዱት ወጣቶች ናቸው። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው ለምንጣሮ፣ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ፣ ቋራና ሑመራ ይጓዛል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በአሜሪካ የተሰበሰበው መረጃ በሥራ ላይ እያሉ በሙቀት ከሚሞቱት አብዛኞቹ ሥራ በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደሚሞቱ ያመለክታል። የእኛ ሠራተኛ ደግሞ በወረደ ማግስት፣ በሥራው ልክ እየተከፈለው፣ ከነባሩ እኩል ለመሥራት ይሽቀዳደማል። አሠሪዎች ለአዲስ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከፊል ሥራ፣ በእርሻው ዳርም ጥላና ውኃ ቢያዘጋጁ የሚያጡት ጥቂት ነው። ልጁን የሚሸኝ ወላጅም ከስንቁ ጋር ይህን ምክር ያስይዘው፦ ብቻህን አትሥራ፤ ራስህን ካዞረህ «ሰነፍ ይሉኛል» ብለህ አትቀጥል።

በቆላ ሰውነቱ የተቃጠለ ሰው ሁሉ ወባ የያዘው ይመስላል። ሐኪሞች ሂት ስትሮክ የሚሉት የሙቀት አደጋም ሰውነትን ያግላል፣ ያስቀባዥራል፣ ያንቀጠቅጣል፤ ለዚህ ፓራሲታሞል አይፈይድም። በሥራ ላይ የነበረ ከሆነ ላብ ስላለው ብቻ «ይህ አይደለም» ማለት አይቻልም። በሙቀት መካከል ንግግሩ የተምታታበት ወይም ራሱን የሳተ ሰው ፈጥኖ ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ልብሱ ይላላ፤ መላ ሰውነቱ በውኃ እየራሰ ይራገብለት። ራሱን ስቶ ሳለ በአፉ ምንም አይጨመርለት። ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስደው መንገድም ማራሱና ማራገቡ አይቋረጥ፤ የወባ ምርመራው እዚያ ሲደርስ ይደረጋል።

ዓቢይ ጾም የሚውለው ከዚሁ ወቅት ጋር ነው፤ ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት ከበጋው ማብቂያ ጋር ተገናኝቷል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው የሚያደርጉት አስተያየት አለ። ሕመምተኛው፣ ነፍሰ ጡሯና በፀሐይ የሚውለው ሠራተኛ ጉዳዩን ከንስሐ አባት ወይም ከሼኹ ጋር አስቀድመው ቢመካከሩበት ይበጃል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም በሙቀቱ ወራት መጠኑ ይስተካከል እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ በራሳቸው ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቀን ቀን የሚጎበኝ ጎረቤት አስቀድሞ ቢመደብ ለዕድርም ከባድ ሥራ አይሆንም፤ ለቅሶ ለመድረስ ስም ዝርዝር አለው፤ ያው ዝርዝር ለዚህም ያገለግላል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ትንበያ በሬዲዮ ይነገራል። ወረዳዎች ትንበያውን «ነገ ከ5 ሰዓት በኋላ ሥራ ይቁም፤ ተማሪ በጠዋት ይለቀቅ» ወደሚል ውሳኔ ሊለውጡት ይገባል፤ አለዚያ ቁጥሩ ብቻውን የሚያድነው ሰው የለም።

የዛፍ ችግኙ ጊዜ ክረምት ነው። ኮርኒሱ፣ ኖራውና ዳሱ ግን ከመኸር በኋላ፣ ገንዘብም ጊዜም በሚገኝበት በታኅሣሥና በጥር መሠራት አለባቸው፤ መጋቢት ከገባ በኋላ ጣራ ላይ ወጥቶ መሥራት ራሱ አደጋ ነው።