«አርጅታ ነው» ከማለታችን በፊት

የ12 ዓመት ድመት በሰው ዕድሜ ብትሰላ 64 ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ የ15 ዓመቷ ደግሞ 76። በዚህ ዕድሜ ያሉ አያቶቻችን ከሶፋ ሲነሡ ጉልበታቸውን ይዘው «እህህ» ይላሉ። «ምን ሆኑ?» ስንላቸው «ቁርጥማት ነው» ይሉናል። ቁርጥማት መገጣጠሚያን፣ ማለትም አጥንትና አጥንት የሚገናኙበትን ቦታ፣ የሚያሳምም በሽታ ነው። ድመትንም ይይዛታል። ልዩነቱ እሷ «እህህ» አለማለቷ ነው።

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። ብዙ ጊዜ አታነክስም፣ አትጮኽም። ስለዚህ ቤተሰቡ «አርጅታ ነው፤ መተኛት ትወዳለች» ብሎ ያልፋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸውን 100 ድመቶች ራጅ ተመልክቶ፣ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት አግኝቷል። በራጅ የታየ ጉዳት ሁሉ ያማል ማለት አይደለም። ቢሆንም የቤታችሁ ድመት ካረጀች ጉዳዩ እናንተንም ይመለከታል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በለውጥ። ድሮ በአንድ ዝላይ መስኮቱ ላይ ትወጣ የነበረች ድመት፣ አሁን መጀመሪያ ወንበሩ ላይ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ ትወጣለች። ወይም ቀና ብላ ታየውና ትታው ትሄዳለች። ደረጃ ስትወርድ መሐል ላይ ትቆማለች። ወገቧን ስትነኳት ዞራ ትናከሳለች። ጀርባዋን ለመላስ መጠማዘዝ ስለሚያማት ጠጉሯ እዚያ ላይ ይቋጠራል። ጥፍሯም ይረዝማል።

አማርኛ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚል ተረት አለው። ድመት ብትመነኩስ እንኳ የድሮ ጠባይዋን አትተውም ማለት ነው። የተነገረው ስለ ሰው ነው፤ እኔ ግን ለድመትም ይሠራል እላለሁ። ዓመሏን የማትረሳ ድመት ድንገት ከአሸዋ ሳጥኗ ውጭ መሽናት ከጀመረች፣ ባለጌ ሆና ሳይሆን አንድ ነገር አግኝቷት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ብዙ ታውንሃውሶች ሦስት ፎቅ ናቸው፤ የድመቷ ሳጥን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ወገቧን ለሚያማት ድመት ያ ሁሉ ደረጃ ሩቅ መንገድ ነው። ሳጥኑ ጋ ስትደርስም ከፍ ያለውን ጠርዝ መሻገር አለባት። (የሽንት ለውጥ የኩላሊት ወይም የፊኛ በሽታም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።)

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። በቤታችን አንድ ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚፈለገው ታይለኖል ነው። እናቶቻችን ደግሞ አንጀታቸው አይችልም፤ የምትሠቃይ ድመት ካዩ «ግማሿን ልስጣት?» ሊሉ ይችላሉ። ታይለኖል ድመትን ይገድላል። ጉበቷ መድኃኒቱን እንደ ሰው ጉበት ማስወገድ ስለማይችል፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አድቪልም ኩላሊቷን ይጎዳል። ለውሻ የታዘዘ ሜሎክሲካምም አይሰጣትም፤ ድመት ላይ ደጋግሞ መጠቀም ኩላሊት ሊያቆምና ሊገድል እንደሚችል በ2010 ማስጠንቀቂያ ወጥቶበታል። «ለአጥንት ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሰጥ መረቅም ቀይ ወይም ነጭ ሽንኩርት ካለበት የደም ሴሎቿን ያፈርሳል።

ይህን ለአያት በአንቱታ እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦ «እማማ፣ ይሄ ለሰው መድኃኒት ነው፤ ለድመት መርዝ ነው። እባክዎ እንዳይሰጧት።» ለእናት ከሆነ «እማዬ፣ እንዳትሰጫት» ይበቃል። ቀድሞ ተሰጥቷት ከሆነ ግን ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ የእንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

ደግነቱ ለድመት ተብሎ የተሠራ መድኃኒት አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኋይት ኦክ የሆነው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍ ዲ ኤ፣ በጃንዋሪ 2022 ሶሌንሲያ የተባለውን መርፌ ፈቅዷል። ኤፍ ዲ ኤ ለእንስሳት ከፈቀዳቸው መድኃኒቶች የመጀመሪያው ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው። ነርቮች የሕመም መልእክት እንዲልኩ የሚያነሣሣ አንድ ፕሮቲን አለ፤ መርፌው ያንን ይይዘዋል። በወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይወጋል። የተበላሸውን መገጣጠሚያ አያድንም፤ ሕመሙን ነው የሚያስታግሰው። አንዳንድ ድመቶችን ያስታውካል ወይም ቆዳቸውን ያሳክካል። ድመትን ክኒን ለማዋጥ ታግሎ እጁ የተቧጨረ ሰው፣ በወር አንድ መርፌ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

ቤት ውስጥ የምትሠሩት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ገዝታችሁ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡና የአሸዋ ሳጥን አድርጉት፤ በየፎቁ አንድ ብታስቀምጡ ይመረጣል። ሶፋው ሥር ጠንካራ ሣጥን እንደ ደረጃ አስቀምጡላት። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። የምግብ ሳሕኗን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ አንገቷን እንዳትደፋ። ክረምት ሲገባ ንፋስ የማይገባበት ጥግ ላይ አሮጌ ጋቢ አጥፋችሁ ብታስቀምጡላት፣ ቅዝቃዜ የሚያባብሰው ቁርጥማት ይቀልላታል። ጠጉሯን ቀስ ብላችሁ አበጥሩላት፤ ጥፍሯንም ጫፉን ብቻ ቁረጡላት።

ክብደቷንም ተመልከቱ። 10 ፓውንድ መሆን ያለባት ድመት 12 ከሆነች፣ 150 ፓውንድ የሆነ ሰው 30 ፓውንድ ተሸክሞ እንደሚውል ነው። ግን አታስርቧት። ድመት ለጥቂት ቀናት ምግብ ካቆመች ጉበቷ በስብ ሊታመም ይችላል፤ ምግቧ የሚቀነሰው ሐኪም በነገራችሁ መጠን፣ ቀስ በቀስ ነው።

ድመቷን በማደጎ ያገኛችኋት ከሆነ የፊት እግሮቿን እዩ። ጥፍሯ በቀዶ ሕክምና ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የጣቷን የመጨረሻ አጥንት መቁረጥ ነው፤ አረማመዷን ይለውጣል፣ ከወገብ ሕመም ጋርም ይያያዛል። ሜሪላንድ በ2022፣ ቨርጂኒያ በ2024 ያለ ሕክምና ምክንያት እንዳይደረግ በሕግ ከልክለዋል። ቀድሞ የተደረገባት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ።

ሐኪም ቤት ስትደርስ ፈርታ ጥቅልል ትላለች፤ ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ ሶፋ ላይ ስትዘል በስልክ ቅረጿት። ሕክምናው ከተጀመረ ከአንድ ወር በኋላም ያንኑ ደረጃ፣ ያንኑ ሶፋ ቅረጹና ሁለቱን ቪዲዮ ለሐኪሙ አሳዩት።