ስኳር ያለበት ጾመኛ ብቻውን አይሁን

የኢፍጣር ማዕድ ሲቀርብ ተምሩና ሳምቡሳው ለሁሉም እኩል ነው። ከማዕዱ ዙሪያ ግን የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠና ላብ እያጠመቃቸው ውለው፣ “ደህና ነኝ” ብለው ተቀምጠው ይሆናል። “ጾም አፈረሱ” እንዳይባሉ ይደብቃሉ።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። የሚችል በሌላ ጊዜ ቀዷ ያወጣል፤ ሕመሙ የማይለቀውና መጾም የማይችል ድሃ ያበላል። ሐኪሞችም መለኪያው ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካሳየ ጾሙ ወዲያው ይቁም ይላሉ። ጣት ወግቶ መለካትም ጾም እንደማያፈርስ ብዙ ዑለሞች ያስረዳሉ።

ይህን እያወቁም ከመግሪብ በፊት ውሃ ማንሳት ይከብዳል። “እኔም አምና አፍርሼ ነበር” የሚል የሕመም ጓደኛ ሲገኝ ግን ሸክሙ ይቀላል። ስለዚህ በየመስጊዱ ስኳር ያለባቸው ወንዶችም ሴቶችም በየበኩላቸው በሳምንት አንድ ቀን ቢገናኙ መልካም ነው። ሱሁር ላይ ምን እንደበሉ፣ በየትኛው ሰዓት እንደደከማቸው ይጨዋወቱ። መድኃኒት መቀነስና መቀየር ግን የሐኪም ፋንታ ነው።

ቤተሰብም ድርሻ አለው፦ እናት ውሃ ሲጠይቁ “ለምን?” ሳይሉ ፈጥኖ ማቅረብ።